ጥቁር ልዕለ ጀግኖች ከጋዜጣ መሸጫ እስከ ሲኒማ ቤት፦ ማን ሣላቸው? የማንስ ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ «ብላክ ፓንተር» የተሰኘው ፊልም ለእይታ ሲበቃ፣ በአሜሪካም በአፍሪካም ከተሞች በርካታ ሰዎች የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ሲኒማ ቤት ገቡ። በ2025 ደግሞ በአዲሱ የ«ካፒቴን አሜሪካ» ፊልም ውስጥ ጋሻውን ያነገተው ጥቁሩ ተዋናይ አንተኒ ማኪ ሆነ። በሁለቱ ፊልሞች መካከል ባሉት ዓመታት ሁለት አባባሎች ደጋግመው ተሰምተዋል። አንደኛው «ጥቁር ልዕለ ጀግና የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ነጭ የነበረውን ገጸ ባሕርይ አንሥተው ጥቁር አደረጉት» የሚል ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ለአንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይሠራል፣ ለብዙዎቹ ግን አይሠራም። ሁለቱንም ለመረዳት ከፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ገጸ ባሕርያቱ ወደተወለዱበት ርካሽ ወረቀት መሄድ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልዕለ ጀግና ስንል ምን ማለታችን ነው?

ልዕለ ጀግና ማለት ከተራ ሰው የበለጠ ኃይል ወይም ችሎታ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ልብስና መጠሪያ ያለው፣ ያንን ኃይል ሰውን ለመታደግ የሚያውል የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ነው። የተወለደው በ«ኮሚክ» ውስጥ ነው። ኮሚክ ታሪክን በተከታታይ የሥዕል ሣጥኖች የሚተርክ፣ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ከአፋቸው በሚወጣ ፊኛ ውስጥ የሚጽፍ ቀጭን መጽሔት ነው። ሱፐርማን በ1938 ከወጣ በኋላ ይህ ዓይነቱ መጽሔት በአሜሪካ በየወሩ እየታተመ፣ ከጋዜጣና ከከረሜላ ጎን ተደርድሮ በሳንቲም የሚሸጥ የልጆች ንባብ ሆነ። ዛሬ ገበያውን በዋናነት የያዙት ማርቭልና ዲሲ የሚባሉት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይባል። ኮሚክ የአንድ ደራሲ ሥራ ብቻ አይደለም። አንዱ ታሪኩን ይጽፋል፣ ሌላው በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በቀለም ብዕር ያደምቀዋል፣ ሌላው ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ አታሚ፣ አከፋፋይና የመሸጫው ባለቤት አሉ። ጥቁር ጀግና ከገጹ ለመድረስ በእነዚህ ሁሉ እጆች ማለፍ ነበረበት፤ ከእነዚህ እጆች አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ጀግናው ይቀራል። ይህ በወሬ ደረጃ የሚባል ነገር ሳይሆን ደጋግሞ የደረሰ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ጀግና ማን ነው?

መልሱ «የመጀመሪያ» በሚለው ቃል ትርጉም ይወሰናል። በ1934 በጋዜጦች ላይ መውጣት በጀመረው «ማንድሬክ» በተባለው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ሎታር የሚባል እጅግ ጠንካራ አፍሪካዊ ነበር፤ ነገር ግን የነጩ አስማተኛ አገልጋይ ሆኖ ነው የቀረበው። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በኮሚክ ውስጥ ሲታይ ወይ አገልጋይ፣ ወይ መሣቂያ፣ ወይ ስም የለሽ የጫካ ነዋሪ ነበር።

ይህን ለመለወጥ ቆርጦ የተነሣው ኦሪን ኢቫንስ የሚባል የፊላደልፊያ ጥቁር ጋዜጠኛ ነው። ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ በ1947 ሲዘጋ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን መጽሔት በ15 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። በመጽሔቱ ውስጥ «ላየን ማን» ማለትም አንበሳው ሰው የሚባል ጀግና አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ወደ ጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ የላከው ጥቁር አሜሪካዊ የሳይንስ ሊቅ ሲሆን ሥራውም በዩራኒየም የተሞላውን ተራራ ከዘራፊ መጠበቅ ነው። በአፍሪካ ምድር ያለ፣ ዓለም የሚቋምጥለት ማዕድንና እሱን የሚጠብቅ ጥቁር ጀግና፣ ብላክ ፓንተር የሚነግሥባት የልብ ወለድ አገር ዋካንዳ ከመታሰቧ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው እትም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግን አልወጣም። ምክንያቱ የአንባቢ መጥፋት አልነበረም። ኢቫንስ የሚታተምበትን ወረቀት ሊሸጥለት የሚፈቅድ ነጋዴ አጣ። መጽሔቱ በአንድ እትም ቀረ።

ከዚያ በኋላ በ1965 ዴል የተባለው አሳታሚ ሎቦ የሚባል ጥቁር ካውቦይ በራሱ ስም በተሰየመ መጽሔት ላይ አወጣ። ሎቦ ልዕለ ኃይል የለውም፤ ሆኖም በራሱ ስም መጽሔት የተሰየመለት የመጀመሪያው ጥቁር ጀግና እሱ ነው። በዚህ ጊዜ በሩን የዘጋው አከፋፋዩ ነው። የዚያን ጊዜው አሠራር ያልተሸጠ መጽሔት እንዲመለስ የሚፈቅድ ስለነበር፣ ሽፋኑን ያዩ አከፋፋዮችና ሻጮች እስሩን እንኳን ሳይፈቱ መለሱት። አንባቢ አይቶ ያልወደደው መጽሔትና አንባቢ ጭራሽ እንዲያየው ያልተደረገ መጽሔት በሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ኪሳራ ሆነው ይታያሉ፤ «ጥቁር ጀግና አይሸጥም» የሚለው እምነት ለአሥርት ዓመታት የኖረው በከፊል በዚህ ዓይነቱ መዝገብ ላይ ቆሞ ነው። ሎቦ በሁለተኛው እትም ተቋረጠ።

ልዕለ ኃይል ያለው፣ በትልቅ አሳታሚ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ጀግና ደግሞ ብላክ ፓንተር ነው፤ ሐምሌ 1966 በሚል ቀን በታተመው «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ላይ። የፈጠሩት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ፣ ሁለቱም ነጭ አይሁዳውያን ናቸው። በ1969 የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ልዕለ ጀግና ፋልከን ተከተለ፤ በ1972 ሉክ ኬጅ በራሱ ስም የተሰየመ መጽሔት ይዞ ወጣ።

የቆዳ ቀለም ለማተም ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

የድሮ ኮሚክ በአራት ቀለሞች፣ በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር፣ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይታተም ነበር። ሠዓሊው ራሱ ቀለሙን አያትምም፤ የትኛው ቦታ ምን ቀለም እንደሚሆን መመሪያ ይጻፍና ወደ ሌላ ድርጅት ይላካል፤ እዚያ ያሉ ሠራተኞች በመመሪያው መሠረት ለየቀለሙ የማተሚያ ሰሌዳ ያዘጋጃሉ። በ1963 ማርቭል «ሳርጀንት ፊዩሪ» የተባለውን የጦርነት መጽሔት ሲጀምር፣ ከወታደሮቹ አንዱ ጌብ ጆንስ የሚባል ጥቁር መለከት ነፊ ነበር። የመጀመሪያው እትም ታትሞ ሲመጣ ግን ጌብ እንደሌሎቹ ወታደሮች ሮዝማ ቆዳ ያለው ነጭ ሆኖ ተገኘ። ቀለም የሚለየው ድርጅት መመሪያው የተሳሳተ መስሎት «አርሞት» ነበር፤ ስታን ሊ ሰውየው በእርግጥ ጥቁር መሆኑን በደብዳቤ ማስረዳት ግድ ሆነበት። በዚያ የመጀመሪያ እትም ላይ ጌብ ጆንስን የሚያይ አንባቢ ጥቁር ሰው በጀግና ወታደር ቦታ ላይ መኖሩ ያን ጊዜ ምን ያህል የማይታሰብ እንደነበር በዓይኑ ያያል።

ስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ሙከራም አለ። በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች በሕዝብና በምክር ቤት ግፊት የራሳቸውን የቅድመ ምርመራ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የእሱ ማኅተም ሽፋኑ ላይ የሌለበትን መጽሔት አከፋፋዮች አይቀበሉም ነበር፤ በመሆኑም መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ባይሆንም ቃሉ እንደ ሕግ የጸና ነበር።

ኢሲ የተባለው አሳታሚ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1953፣ «የፍርድ ቀን» የሚል አጭር ታሪክ አውጥቶ ነበር። ታሪኩ ይህ ነው። አንድ የጠፈር ተጓዥ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩባትን ፕላኔት ሊመረምር ይሄዳል፤ ፕላኔቷ ወደ ታላቁ የከዋክብት ኅብረት ልትገባ ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች በከተማዋ ጥሩ ክፍል ሲኖሩ፣ ሰማያዊዎቹ ከከተማው ዳር ተገፍተው፣ በተሽከርካሪ ውስጥ እንኳን ከኋላ እንዲቀመጡ ተደርገው ያያቸዋል፤ ከውጭ ሽፋናቸው ቀለም በቀር በሠሪያቸው እጅ አንዳችም ልዩነት እንዳልተደረገባቸውም ይረዳል። ፕላኔቷ ገና አልደረሰችም ብሎ ወስኖ ይመለሳል። በመጨረሻው ሣጥን ላይ በመርከቡ ውስጥ ብቻውን ሆኖ የራስ ቁሩን ያወልቃል፤ ጥቁር ሰው ነው። በፊቱ ላይ ያለው የላብ ጠብታ በሩቅ እንዳሉ ከዋክብት ያበራል።

አሳታሚው ይህን ታሪክ እንደገና ሊያትመው ሲል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ዳኛ ቻርልስ መርፊ፣ ተጓዡ ጥቁር መሆን የለበትም አሉ። ታሪኩ የተጻፈው ለዚያ አንድ ሣጥን ነውና እሱን መለወጥ ታሪኩን መሰረዝ ነበር። አሳታሚው ቢል ጌይንስ ጉዳዩን ለሕዝብ አወጣዋለሁ ብሎ አስፈራራ፤ ታሪኩም ሳይለወጥ በ1956 ታተመ። ኢሲ ከዚያ በኋላ ሌላ ኮሚክ አላወጣም። እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ በዘር ላይ መሳለቅን በግልጽ የሚከለክል መሆኑ ነው። መሳለቅን ከልክሎ ክብርንም አብሮ የሚከለክል አሠራር ነበር።

ብላክ ፓንተር ስሙን ያገኘው ከፓርቲው ነው?

አይደለም። የጥቁር አሜሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት የሆነው የጥቁር ፓንተር ፓርቲ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የተመሠረተው በጥቅምት 1966 ነው፤ ኮሚኩ በዚያን ጊዜ ወጥቶ ነበር። ከርቢ መጀመሪያ ለገጸ ባሕርዩ ያሰበው ስም «ኮል ታይገር» ነበር። በሌላ በኩል ፓርቲውም ምልክቱን ከኮሚክ አልወሰደም፤ በአላባማ ሎውንደስ አውራጃ ጥቁር መራጮችን ያደራጀው ንቅናቄ ፓንተርን ምልክቱ አድርጎ ነበርና የመጣው ከዚያ ነው። ማርቭል ግን መምታታቱ አሳስቦት በ1972 ገጸ ባሕርዩን ለአጭር ጊዜ «ብላክ ሌፐርድ» ብሎት ነበር፤ ስሙ ሳይለምድ ቀረ።

የብላክ ፓንተር የመጀመሪያ ሽፋን ላይም አንድ የሚታይ ነገር አለ። ሳይታተም በቀረው ሥዕል ላይ ጭምብሉ የፊቱን ላይኛ ክፍል ብቻ ይሸፍናል፤ አገጩና አፉ ይታያል፣ ጥቁር ሰው መሆኑም ያስታውቃል። በታተመው ሽፋን ላይ ግን ከራስ እስከ እግሩ ተሸፍኗል። መጽሔቱን ከመደርደሪያ የሚያነሣው ገዢ ከጭምብሉ በስተ ጀርባ ማን እንዳለ አያውቅም ነበር።

በ1970ዎቹ የመጡት ጀግኖችስ?

በዚህ ዘመን ብዛታቸው ጨመረ። ብሌድ በ1973፣ ስቶርም በ1975፣ ብላክ ላይትኒንግ በ1977 ወጡ። ሉክ ኬጅ ባልሠራው ወንጀል የታሰረ፣ እስር ቤት ውስጥ በተደረገበት ሙከራ ቆዳው ጥይት የማይበሳው የሆነ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ኃይሉን በክፍያ የሚያከራይ የሐርለም ሰው ነው። አነጋገሩና አለባበሱ በዚያ ዘመን ለጥቁር ተመልካች ይሠሩ ከነበሩ የወንጀል ፊልሞች የተቀዳ በመሆኑ ዛሬ ሲነበብ ይጎረብጣል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ እትሞች ጀምሮ ቢሊ ግራም የሚባል ጥቁር ሠዓሊ በመጽሔቱ ላይ ይሠራ ነበር፤ እሱው ቆይቶ ዋካንዳን ከሥር መሠረቷ የገነባውን ረጅም የብላክ ፓንተር ታሪክ ሥሏል። በፊልሙ ላይ ያየነው የብላክ ፓንተር ባላጋራ ኪልሞንገር የተወለደው በዚያ ታሪክ ውስጥ፣ በ1973 ነው።

የስቶርም ታሪክ ለየት ይላል። እናቷ ከኬንያ፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ፎቶ ጋዜጠኛ፣ ያደገችው በካይሮ ሲሆን ነፋስና መብረቅን ታዛለች። «ኤክስ ሜን» በተባለው የጀግኖች ቡድን ውስጥ በአንድ ማዕረግ ከወንዶቹ ጋር የቆመች፣ ቆይታም ቡድኑን የመራች ጥቁር ሴት በመሆኗ ለብዙ አንባቢ መንገድ ከፍታለች።

ብላክ ላይትኒንግ ከመውጣቱ በፊት ዲሲ ያሰበው የመጀመሪያ ጥቁር ባለ መጽሔት ጀግና ሌላ ነበር። እሱም ጥቁሮችን የሚጠላ ነጭ ሲሆን፣ ሲጨነቅ ሳያውቀው ወደ ጥቁር ልዕለ ጀግና የሚለወጥ ነበር። ጸሐፊው ቶኒ ኢዛቤላ ይህ እንዲቀር አጥብቆ ተከራክሮ በምትኩ ጄፈርሰን ፒርስን፣ በተወለደበት ሠፈር የሚያስተምረውን መምህር፣ አቀረበ። ኢዛቤላ ነጭ ነው፤ በመጽሔቱ ላይ የሣለው ትሬቨር ቮን ኢደን ግን በጉያና የተወለደ ጥቁር ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ሐሳብ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ስናስብ፣ በውሳኔው ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

የፈጠረው ሰው ካለ፣ ባለቤቱ እሱ አይደለም ወይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሸማኔን እናስብ። አንድ ሸማኔ የራሱን ድርና ማግ ገዝቶ በራሱ ጉድጓድ ጋቢ ቢሠራ ጋቢው የእሱ ነው፤ ቢፈልግ ይሸጠዋል፣ ቢፈልግ ይለብሰዋል። ነጋዴው ክሩን ሰጥቶ፣ የእጁን ዋጋ ከፍሎ ካሠራው ግን፣ ጥበቡ የሸማኔው ቢሆንም ጋቢው የነጋዴው ነው። ነጋዴው በእጥፍ ቢሸጠው ሸማኔው ከትርፉ አይካፈልም። በማርቭልና በዲሲ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች በሁለተኛው መንገድ የሚሠሩ ናቸው፤ በአሜሪካ ሕግ በቅጥር የተሠራ ሥራ ባለቤትነቱ የቀጣሪው ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ ወደ ፊልም፣ ወደ አሻንጉሊት፣ ወደ ልብስ ሲለወጥ የሚወስነውም የሚያተርፈውም ኩባንያው ነው። ዲስኒ በ2009 ማርቭልን ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሲገዛ በዋናነት የገዛው እነዚህን ገጸ ባሕርያት ነው።

የራሳቸውን ድርና ማግ ይዘው የተነሡት በ1993 ማይልስቶን ሚዲያን ያቋቋሙት ድዌይን ማክዳፊ፣ ዴኒስ ካዋን፣ ማይክል ዴቪስና ዴሪክ ዲንግል ናቸው። ከዲሲ ጋር የተዋዋሉት ዲሲ እንዲያትምና እንዲያከፋፍል፣ የገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነት ግን በእነሱ እጅ እንዲቆይ ነበር። ይህ ውል ከጠቅላላው ታሪክ ውስጥ እጅግ አስፈላጊው ይመስለኛል፤ ኢቫንስን የገደለውን የወረቀት ችግር፣ ሎቦን የገደለውን የስርጭት ችግርና የባለቤትነቱን ጥያቄ አንድ ላይ ለመፍታት የሞከረ ነውና። ለጥቁር ቆዳ የተለያዩ ጥልቀቶችን የሚያሳይ የራሳቸውን የቀለም አሠራርም ይዘው መጡ።

ከጀግኖቻቸው አንዱ አይከን ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሲሆን፣ መርከቡ በ1839 በአሜሪካ ደቡብ የጥጥ እርሻ ላይ ይወድቃል። መርከቡ ያደረበትን ፍጡር በመጀመሪያ ባየው ሰው አምሳል እንዲለውጥ የተሠራ ነው፤ ያገኘችው በባርነት ያለች ሴት ናትና ጥቁር ሕፃን ሆኖ ያድጋል። የሱፐርማንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ያመሳስለዋል፤ ያ ሕፃን በካንሳስ ደግ ገበሬዎች እጅ ወደቀ፣ ይህ በባርነት ማሳ ላይ። ማይልስቶን የኮሚክ ኅትመቱን በ1997 አቆመ፤ ግን ስታቲክ የተባለው ታዳጊ ጀግናቸው ከ2000 እስከ 2004 በቴሌቪዥን የካርቱን ተከታታይ ሆኖ ኮሚክ አንብበው የማያውቁ ሕፃናት ሁሉ ዘንድ ደረሰ።

ታዲያ ነጩን ጥቁር አደረጉት የሚባለው እውነት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ይታመሳሉ። ብላክ ፓንተር፣ ስቶርም፣ ብሌድና ሉክ ኬጅ ሲፈጠሩም ጥቁሮች ናቸው፤ በእነሱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

ሁለተኛው የማዕረግ ውርስ ነው፤ ይህን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። ካፒቴን አሜሪካ የሰው ስም ሳይሆን እንደ ራስ ወይም እንደ ደጃዝማች ያለ ማዕረግ ነው። አንዱ ራስ ሲያርፍ ወይም ሲሻር ማዕረጉ ለሌላ ይሰጣል፤ የቀድሞው ሰው ተለወጠ አይባልም። የመጀመሪያው ካፒቴን አሜሪካ፣ ስቲቭ ሮጀርስ፣ ዛሬም ነጭ ነው። ሳም ዊልሰን ደግሞ ከ1969 ጀምሮ የነበረው ፋልከን ራሱ ነው፤ በኮሚኩ ጋሻውን የተረከበው በ2014 ነው። ማይልስ ሞራሌስም እንዲሁ የመጀመሪያውን ስፓይደርማን፣ ፒተር ፓርከርን፣ አልሆነም፤ በ2011 ስፓይደርማን የሚለውን ስም የወረሰ፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ እናቱ ፖርቶ ሪካዊት የሆነ የብሩክሊን ልጅ ነው። እሱን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገው የካርቱን ፊልም በ2019 ኦስካር ሲያሸንፍ ከሦስቱ አዘጋጆች አንዱ ፒተር ራምዚ በዚያ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አዘጋጅ ሆኗል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ታሪክ አለ። በ2003 የወጣው ኮሚክ ከስቲቭ ሮጀርስ ጎን ለጎን በጥቁር ወታደሮች ላይ ያለ ፈቃዳቸው ሙከራ እንደተደረገ፣ ከእነሱም የተረፈው አይዛያ ብራድሊ የካፒቴን አሜሪካን ልብስ ለብሶ እንደተዋጋና በምላሹ እንደታሰረ ይተርካል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ የቆመበት መሠረት ግን እውነት ነው። ከ1932 እስከ 1972 በአላባማ ተስኪጊ የአሜሪካ የጤና ባለ ሥልጣናት የቂጥኝ ሕመም ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች መድኃኒት ከልክለው ሕመሙ የት እንደሚደርስ ተከታትለዋል።

ሦስተኛውና በእርግጥም መለወጥ የሆነው፣ ነጭ ሆኖ የተፈጠረን ገጸ ባሕርይ ጥቁር ተዋናይ ሲጫወተው ነው። የታወቀው ምሳሌ ኒክ ፊዩሪ፣ ያው የ«ሳርጀንት ፊዩሪ» መጽሔት ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ነው። በ2002 አዲስ የኮሚክ ተከታታይ ሲጀመር ሠዓሊው ፊዩሪን በተዋናዩ ሳሙኤል ጃክሰን መልክ ሣለው፤ ጃክሰንም በ2008 በፊልም ላይ የገዛ መልኩን ለመጫወት ተጠራ።

ፊልሙ ለምን ይህን ያህል ዘገየ?

በ1990ዎቹ ሙከራዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አልተሳካላቸውም። የተሳካለት በ1998 በዌስሊ ስናይፕስ የተሠራው ብሌድ ነው። ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ከ130 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ በ1996 መክሠሩን ላወጀው ማርቭል ገጸ ባሕርያቱ በፊልም ሊሠሩ እንደሚችሉ ያሳየ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ዛሬ ማርቭል የሚባለው የፊልም ግዛት የተከፈተው በጥቁር ጀግና ነው ማለት ይቻላል፤ ይህ እምብዛም አይነሣም። ስናይፕስ በዚያው ዘመን ብላክ ፓንተርን ለመሥራት ቢጥርም አልሆነለትም። በሆሊውድ ጥቁር መሪ ተዋናይ ያለበት ፊልም ከአሜሪካ ውጭ ገበያ የለውም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር፤ ይህ ደግሞ በሎቦ ዘመን የነበረው የመዝገብ አመክንዮ ነው።

በራያን ኩግለር የተዘጋጀው ብላክ ፓንተር ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የተገኘ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ዘግታ የቆየችውን ሲኒማ በሚያዝያ 2018 ስትከፍት በሪያድ መጀመሪያ ያሳየችው ይህንኑ ፊልም ነበር። በምርጥ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ጀግና ፊልም ሆኖ ሦስት ሽልማት ወሰደ፤ በልብስ ንድፍ ሩት ካርተር፣ በመድረክ ንድፍ ሃና ቢችለር በየዘርፋቸው ያሸነፉ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ንጉሡን፣ ማለትም ብላክ ፓንተርን፣ የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን በነሐሴ 2020 በ43 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር አረፈ።

ዋካንዳ ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነት አላት?

ዋካንዳ የትም የለችም፤ ደራሲዎቹ ግን በምሥራቅ አፍሪካ፣ በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ያስቀምጧታል። ቱርካና ኦሞ ወንዝ የሚፈስበት ሐይቅ ነው። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር የሚለው ሐሳብ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ከዓድዋ ጊዜ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ስም ጋር የተሳሰረ ነው፤ ጣሊያን በ1935 ስትወርም ጆርጅ ስካይለር የተባለው ጥቁር ጸሐፊ በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተከታታይ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር።

በፊልሙ ላይ የሚታይ አንድ ግንኙነት ደግሞ አለ። በንጉሡ ሸንጎ ውስጥ የወንዙን ጎሣ የሚወክለው ሽማግሌ አረንጓዴ ሱፍ ልብስ ለብሶ ከታችኛው ከንፈሩ ትልቅ ክብ ሸክላ አጥልቆ ይታያል። ይህ ከኦሞ ሸለቆ ሙርሲዎችና ሱርማዎች የተወሰደ ነው። ነገር ግን በሙርሲም በሱርማም ዘንድ ከንፈሯን ተበስታ ሸክላ የምታጠልቀው ሴት ናት፤ ወንድ አያጠልቅም። በፊልሙ ያጠለቀው ወንድ ነው። የንግሥቲቱ ክብ ባርኔጣ ከዙሉ ባለትዳር ሴቶች፣ የድንበር ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ ከሌሶቶ፣ የሚናገሩት ቋንቋ ከደቡብ አፍሪካው ዞሳ፣ የሙዚቃው ከበሮ ከሴኔጋል መጥቷል። ለአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ተመልካች ይህ ሁሉ የተነጠቀውን አህጉር በአንድ ላይ መልሶ የሚሰጥ ነው፤ ያ ደስታ እውነተኛ ነው። ከኦሞ ሸለቆ ለሚመጣ ተመልካች ግን የገዛ እናቱ ጌጥ ትርጉሙ ተለይቶት የቀረበለት ነው፤ ይህም እውነት ነው።

በአማርኛስ የተሠራ አለ?

አለ። በሥራት ደበበ የተባለው ኢትዮጵያዊ ደራሲ ኤታን ኮሚክስ የሚል የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ በ2018፣ ዋካንዳ በሲኒማ በታየችበት ዓመት፣ «ጀምበር» የተሰኘውን ኮሚክ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎም «ሐዊ» የምትባል ሴት ጀግና መጣች፤ ለኅትመቷ የሚያስፈልገው ገንዘብ በኢንተርኔት ከአንባቢዎች ተዋጥቷል። ጀምበር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ በንግግር ፊኛዎቹ ውስጥ ያለው ፊደልም ይኸው አሁን እያነበባችሁት ያለው ነው።